ከሰርኪዩት ክፍል በፊት ያለው ዓመት

ኤሌክትሪካል ምህንድስና እማራለሁ ብሎ የተነሳ ተማሪ የሙያው በር የሆነውን የሰርኪዩት ትምህርት ዩኒቨርሲቲ በገባ ማግስት አያገኘውም። መጀመሪያ የሚሻገረው አንድ ዓመት አለ። እኛ ዘንድ ፍሬሽማን ይባላል፤ የመግቢያ ነጥብ ላልሞላለት ደግሞ ከዚያም በፊት ሪሚዲያል አለ። እንግሊዞች ፋውንዴሽን ዓመት፣ ጀርመኖች ሽቱዲየንኮሌግ፣ እስራኤሎች መኺና ይሉታል። ስሙም አደረጃጀቱም ይለያይ እንጂ ሁሉም ሊመልሱት የሚሞክሩት ጥያቄ አንድ ነው፦ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጣ ወጣት ምን ይዞ ቢገባ ነው ምህንድስናውን የሚዘልቀው?

ጥያቄው ለኢትዮጵያ ትርፍ ጨዋታ አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ የሚዘልቀው መስመር በ500 ኪሎ ቮልት ዲሲ የሚሠራ ሲሆን እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ማስተላለፍ ይችላል። እነዚህን የሚያንቀሳቅሱ፣ ሲበላሹ የሚጠግኑና ነገ የሚመጡትን የሚነድፉ መሐንዲሶች ሁሉ በዚያ በአንድ ዓመት በር ያልፋሉ። በሩ በደንብ ካልተሠራ ጉዳቱ የተማሪው ብቻ ሆኖ አይቀርም።

በዚህ ዳሰሳ የምሟገትለት ሐሳብ አጭር ነው። የመሰናዶው ዓመት የሚለካው ስንት ኮርስ እንደተሰጠ ወይም ስንት ተማሪ እንዳለፈ በመቁጠር ብቻ መሆን የለበትም። መለኪያው ተማሪው የመጀመሪያው የሰርኪዩት ክፍል ሲገባ በራሱ እጅ ምን መሥራት እንደሚችል ነው። ታሪኩም፣ ይዘቱም፣ የሌላው አገር ልምድም ከዚህ ቦታ ቆሞ ሲታይ ጠንካራውና ደካማው ጎን በግልጽ ይለያል።

የተነሳውና የተመለሰው ዓመት

የመሰናዶ ዓመት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የምህንድስና ኮሌጅ ተከፈተ። ዛሬ አምስት ኪሎ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የዚያ ኮሌጅ ወራሽ ነው። ለረጅም ዘመን ማትሪክ ያለፈ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት በፍሬሽማንነት ያሳልፍ ነበር፤ ሒሳብና ፊዚክስ ያልዘለቀለት እዚያው ይለይ፣ የዘለቀለት ወደ ትምህርት ክፍሉ ይሄድ ነበር።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን አሠራር ለወጠው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለሁለት ተከፍሎ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ሆኑ። መሰናዶው የፍሬሽማንን ሥራ ይሠራል ተብሎ በ1990ዎቹ አጋማሽ ዩኒቨርሲቲዎች ፍሬሽማንን አስቀሩ፤ የምህንድስና ዲግሪም ከ5 ዓመት ወደ 4 ወረደ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያስኬድ ነበር። የተዘዋወረው ግን ይዘቱ ነው፤ ይዘቱን ይዞ የነበረው ላቦራቶሪ፣ ቤተ መጻሕፍትና መምህር በዚያው መጠን ወደየትምህርት ቤቱ አልሄደም። የምህንድስና ትምህርት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሶ 5 ዓመት መሆኑ ራሱ የጎደለውን ይናገራል። ዩኒቨርሲቲዎች በፍጥነት በበዙበትና ከመቶው 70 እጅ ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ በተወሰነበት በዚያው ዘመን ክፍተቱ ይበልጥ ሰፋ። በመጨረሻም የትምህርትና ሥልጠና ፍኖተ ካርታው ከተጠና በኋላ ፍሬሽማን በ2012 ዓ.ም. ተመለሰ።

ከዚህ ውጣ ውረድ የሚቀሰመው ትምህርት ግልጽ ነው። ዓመቱን ከመርሐ ግብር መሰረዝ ይቻላል፤ ተማሪው የሚያስፈልገውን ዝግጅት ግን መሰረዝ አይቻልም። ከፊት ያልተከፈለ ጊዜ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ በኤፍና በድጋሚ ኮርስ ይከፈላል።

ሰርኪዩት የሚጠይቀው

የዓመቱን ይዘት ለመመዘን ከመድረሻው ተነስቶ ወደ ኋላ መቁጠር ይበጃል። የመጀመሪያው የሰርኪዩት ኮርስ የሚጀምረው በኦም ሕግና ጉስታቭ ኪርኾፍ ገና የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1845 ባወጣቸው ሁለት ሕጎች ነው። ሕጎቹ ለመናገር ቀላል ናቸው። ወደ አንድ መጋጠሚያ የገባ ከረንት ያው ልኩ ይወጣል፤ አንድ ዙር ተዙሮ ሲመለሱ የቮልቴጁ ድምር ዜሮ ነው። ሦስት ዙር ያለው ሰርኪዩት ግን ሦስት እኩልታ ይወልዳል። እነዚያን በአንድነት መፍታት፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ሳይስቱ መዝለቅ፣ ሲበዙም በማትሪክስ ማስቀመጥ የአልጀብራ ሥራ ነው። አልጀብራው ያልጸናለት ተማሪ «ኪርኾፍ አልገባኝም» ይላል። መምህሩም ኪርኾፍን ደግሞ ያስረዳዋል፤ ሕመሙ ሌላ፣ መድኃኒቱ ሌላ ሆኖ ሴሚስተሩ ያልፋል።

ቀጥሎ ካፓሲተርና ኢንዳክተር ይመጣሉ። በካፓሲተር የሚያልፈው ከረንት ቮልቴጁ በሚለዋወጥበት ፍጥነት ይወሰናል። እዚህ ላይ ዴሪቬቲቭ የሚሸመደድ ቀመር መሆኑ ያበቃል፤ ዕቃው ራሱ የሚናገርበት ቋንቋ ይሆናል። አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ተገናኝተው የመጀመሪያውን ዲፈረንሺያል እኩልታ ይፈጥራሉ።

ከዚያ ኤሲ ይከተላል። ቤታችን የሚገባው መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በየሰከንዱ 50 ሙሉ ዑደት ይሠራል፤ ጫፉ ላይም 311 ቮልት ገደማ ይደርሳል። ጫፉ 311 ከሆነ ለምን 220 እንላለን ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ያለው በትሪጎኖሜትሪና በኢንቴግራል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ቻርልስ ስታይንሜትዝ የኤሲ ስሌት በኮምፕሌክስ ቁጥር እንዴት እንደሚቀል አሳየ። ረጅሙ የካልኩለስ ሥራ ወደ አልጀብራ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪካል ተማሪ ያለ ኮምፕሌክስ ቁጥር አንድ እርምጃ አይራመድም። ኤሌክትሮማግኔቲክስ ላይ ሲደርስ ቬክተር፣ ኮሙኒኬሽን ላይ ሲደርስ ፕሮባቢሊቲ ይጠበቅበታል።

በአሜሪካ የምህንድስና ፕሮግራሞችን ጥራት የሚያረጋግጠው አቤት የተሰኘው ተቋም ቢያንስ 30 የሴሚስተር ክሬዲት አወር ሒሳብና መሠረታዊ ሳይንስ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ይህ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ያህል ነው። የመሰናዶ ዓመት ለደካማ ተማሪ የሚሰጥ ምሕረት ተደርጎ የሚታይበት አስተያየት ለዚህ ነው ልክ የማይሆነው። ይህ ዓመት የሙያው አካል ነው።

የእኛው ፍሬሽማን ሲፈተሽ

የተመለሰው ፍሬሽማን ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ጄኔራል ፊዚክስና የተፈጥሮ ሳይንስ ሒሳብ ይሰጣል። የሒሳቡ ኮርስ ከሎጂክና ከስብስብ ተነስቶ በኮምፕሌክስ ቁጥር፣ በፈንክሽንና በአናሊቲክ ጂኦሜትሪ ያልፋል። ወደ ምህንድስና የሚያመሩት አፕላይድ ማቲማቲክስንና ኮምፒዩተር ፕሮግራሚንግን ይጨምራሉ። በጎን ደግሞ እንግሊዝኛ፣ ሎጂካዊ አስተሳሰብ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ኢንተርፕረነርሺፕና ሌሎችም አሉ።

በእነዚህ በጎን ባሉት ኮርሶች ላይ ብዙ ቅሬታ ይሰማል። ቅሬታውን ሙሉ በሙሉ አልጋራውም። የማስተላለፊያ መስመር በአርሶ አደር ማሳ ላይ የሚያሳልፍ መሐንዲስ የሰውን አኗኗር ማወቅ አለበት፤ ሪፖርት የማይጽፍ፣ ሐሳቡን በሥርዓት የማያስረዳ መሐንዲስም ጎዶሎ ነው። ችግሩ ያለው ሚዛኑ ላይ ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ትምህርት ክፍል የሚመደበው በምርጫውና በጠቅላላ ጂፒኤው ነው። በሌሎቹ ኮርሶች ኤ ሰብስቦ በፊዚክስና በሒሳብ ሲ ያመጣ ተማሪ፣ በሁለቱ ኤ አምጥቶ በሌሎቹ ቢ ያገኘውን ቀድሞ ኤሌክትሪካል ሊገባ ይችላል። ጎበዙ ተማሪ ይህን ስለሚያውቅ ጊዜውን ነጥብ ወደሚገኝበት ያዞራል። ተማሪውን የሚያስጠናው የምደባው ሥርዓት እስከሆነ ድረስ ሥርዓቱ ሒሳብና ፊዚክስን ማስቀደም ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጉድለት እጅ ነው። ፊዚክስን ለዓመታት ከጥቁር ሰሌዳ ብቻ የተማረ፣ ሬዚስተር በሥዕል እንጂ በእጁ ያላየ ተማሪ ብዙ ነው። ፍሬሽማን ሆኖም ክፍሉ በተማሪ ስለሚጨናነቅ ላብ ሲኖር አንዱ ይሠራል፣ ሌሎቹ ቆመው ይቀዳሉ፤ የሪፖርቱ ቁጥር ካለፈው ዓመት ሪፖርት ይገለበጣል። ተማሪው የመጀመሪያውን ብሬድቦርድ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሲያገኝ ቲዎሪውንና ዕቃውን እኩል ሊጀምር ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ መምህሩም ተማሪውም የሚግባቡት በአመዛኙ በአገር ቤት ቋንቋ ነው። ዩኒቨርሲቲ ላይ ግን የመማሪያ መጽሐፉን ራሱ አንብቦ መረዳት ግድ ይሆናል። የእንግሊዝኛው ኮርስ የሰላምታና የደብዳቤ መልመጃ ከሚያበዛ፣ አንድ ገጽ የፊዚክስ ጽሑፍ አንብቦ ጥያቄው ምን እንደሰጠና ምን እንደሚፈልግ ነጥሎ ማውጣትን ቢያስተምር ለወደፊቱ መሐንዲስ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ሪሚዲያል፦ ከበሩ በፊት ያለው በር

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጥቶ ውጤቱ ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ተፈታኝ ብቻ ሆነ። በተከታዮቹ ዓመታት ቁጥሩ 3.2፣ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበር። ሪሚዲያል የተወለደው ከዚህ ነው። ነጥቡ ያልሞላለት ግን የተሻለ ውጤት ያለው የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ለጥቂት ወራት እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ተምሮ ፈተና ይወስዳል፤ ካለፈ ፍሬሽማን ይገባል።

ለብዙ ሺህ ወጣት ሁለተኛ ዕድል መስጠቱ ትልቅ ነገር ነው፤ በቀላሉ ሊነቀፍ አይገባም። ነገር ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የ11ኛና የ12ኛ ክፍልን ይዘት በወራት ውስጥ እንደገና መሮጥ፣ ተማሪው ቀድሞ የተሳነው ቦታ ላይ መልሶ ሊያደናቅፈው ይችላል። ብዙውን ጊዜ ክፍተቱ ያለው ከዚያ በታች ነው፦ በክፍልፋይ፣ በኤክስፖነንት፣ በሎጋሪዝም፣ ፎርሙላን ገልብጦ ያልታወቀውን ለብቻ በማውጣት ላይ። ሪሚዲያሉ በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪው የት እንደቆመ የሚያሳይ መለያ ፈተና ቢሰጥና ትምህርቱን ከዚያ ቢጀምር ወራቱ በእጥፍ ይሠሩ ነበር።

ሌሎቹ እንዴት ይሄዱበታል?

እንግሊዝ አገር ፋውንዴሽን ዓመት የዲግሪው ዜሮኛ ዓመት ነው። ኤ ሌቭል ላይ ሒሳብና ፊዚክስ ያልወሰደ፣ ወይም ወስዶ የሚፈለገውን ውጤት ያላመጣ ይገባበታል። ተማሪው የሚማረው እዚያው ምህንድስና ፋኩልቲ ውስጥ ነው፤ ካለፈ ሌላ ማመልከቻ ሳያስፈልገው አንደኛ ዓመት ይቀጥላል። ጥንካሬው ትኩረቱ ነው፤ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ላብና ጥቂት ፕሮግራሚንግ ዓመቱን ይሞሉታል። ድካሙ ዋጋው ነው። መንግሥት ከ2025/26 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በክፍል ብቻ ለሚሰጡ የፋውንዴሽን ትምህርቶች የክፍያ ጣሪያውን ወደ 5,760 ፓውንድ ሲያወርድ ላብ የሚፈልገው ምህንድስና በቅናሹ አልተካተተም።

ጀርመን ለውጭ አገር ተማሪ የምትሰጠው ሽቱዲየንኮሌግ በተለምዶ ሁለት ሴሚስተር ይፈጃል። ለምህንድስና የሚሆነው ቲ ኩርስ ይባላል፤ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ጀርመንኛ ዋናዎቹ ናቸው። መግቢያው ላይ የቋንቋና የሒሳብ ፈተና አለ፤ መውጫው ላይ ደግሞ ፌስትሽቴሉንግስፕሩፉንግ የሚባለው ፈተና ይጠብቃል። የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ብቻ ይዞ ጀርመን ለመማር የሚያስብ ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥመው ይህ መንገድ ነው። የመንግሥት የሆኑት በብዛት የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ቋንቋና ጽናት ነው። ሒሳቡን በአዲስ ቋንቋ ማስረዳት የቻለ ተማሪ ሲጨርስ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዞ ይወጣል።

አሜሪካ በዚህ ስም የሚጠራ ዓመት የላትም፤ ሥራውን የሚሠራው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን እየሠሩ የሚማሩት በሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም በሰሜን ቨርጂኒያው ኖቫ ነው። ተማሪው መለያ ፈተና ወስዶ በቆመበት ይጀምራል፤ አልጀብራ ከጎደለው ከአልጀብራ፣ ካልጎደለው ከካልኩለስ። ከዚያ ሦስቱን ካልኩለሶች፣ ዲፈረንሺያል እኩልታንና ካልኩለስ ያለበትን ፊዚክስ ጨርሶ ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራል። ማታ ታክሲ እየነዳ ቀን ካልኩለስ ለሚማር ሰው ይህ አካሄድ ክብር አለው፤ ጊዜው ይረዝማል እንጂ በሩ አይዘጋም። አደጋው የክሬዲት ዝውውር ነው። የሚዛወርበት ዩኒቨርሲቲ የማይቀበለውን ኮርስ የወሰደ ሰው ዓመት ያባክናል፤ ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ሴሚስተር የዝውውር ስምምነቱን መመልከት ያስፈልጋል።

በእስራኤል መኺና ከውትድርና የተመለሱና የማትሪክ ውጤታቸው ለሚፈልጉት ትምህርት የማይበቃ ወጣቶች የሚዘጋጁበት ነው። ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተሰቦች ልጆችም በዚህ በር ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ለምህንድስና የሚያዘጋጀው መኺና ሒሳብንና ፊዚክስን በከፍተኛው ደረጃ ያስተምራል።

አራቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የሚመሳሰሉበት ነገር ጎልቶ ይወጣል። ሁሉም ኮርስ ያሳንሳሉ፣ ሒሳብና ፊዚክስን ያጠልቃሉ፤ አብዛኞቹም ተማሪው የት እንደቆመ ሳይለኩ አይጀምሩም። የእኛ ፍሬሽማን ሰፋ ያለ ዓላማ ይዟል፤ ስፋቱ መልካም ሆኖ ጥልቀቱን እንዳይበላው መጠበቅ ግን የእኛ ኃላፊነት ነው።

በአሥር ሰከንድ የሚታይ ካልኩለስ

ይህ ጥልቀት ውድ መሣሪያ አይፈልግም። አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ አንድ የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ አንድ የ1,000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር፣ አንድ መልቲሜትርና የስልክ ሰዓት ይበቃሉ። ሬዚስተሩና ካፓሲተሩ በተከታታይ ይገናኛሉ፤ ካፓሲተሩ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ስላለው ምልክቱን አይቶ ማሰር ያስፈልጋል። መልቲሜትሩ ካፓሲተሩ ላይ ይቀመጥና ባትሪው ይያያዛል።

ኦሙ በፋራዱ ሲባዛ 10 ሰከንድ ይሰጣል። ቲዎሪው ከ10 ሰከንድ በኋላ 5.7 ቮልት ገደማ፣ ከ20 ሰከንድ በኋላ 7.8፣ ከ30 ሰከንድ በኋላ 8.55 ይነበባል ይላል። ተማሪው በየአምስት ሰከንዱ እያነበበ በስኩዌር ወረቀት ላይ ነጥቦቹን ያስቀምጣል። መስመሩ መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያ እየዛለ ወደ 9 ይጠጋል። ለምን ይዝላል? ካፓሲተሩ በሞላ ቁጥር ሬዚስተሩ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ያንሳል፤ ያ ሲያንስ ከረንቱ ያንሳል፤ ከረንቱ ሲያንስ የመሙላቱ ፍጥነት ይወርዳል። ይህን በራሱ አንደበት ያስረዳ ተማሪ ዲፈረንሺያል እኩልታውን ከመጻፉ በፊት ተረድቶታል።

ከዚያ ደግሞ ያነበበው ቁጥር ከቲዎሪው ጋር አይገጥምም። በ10ኛው ሰከንድ 5.7 ፋንታ 5.2 ሊያገኝ ይችላል። እዚህ ላይ ቁጥሩን አስተካክሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ጥሩ መምህር ግን «ለምን?» ይለዋል። እንዲህ ዓይነቶቹ ካፓሲተሮች ከተጻፈባቸው ዋጋ እስከ 20 በመቶ ከፍ ዝቅ ማለታቸው የተለመደ ነው፤ ባትሪውም በትክክል 9 ላይሆን ይችላል። ተማሪው ባትሪውን ይለካል፣ ግራፉን ወደ ኋላ አንብቦ የካፓሲተሩን እውነተኛ ዋጋ ያወጣል። በአንድ ከሰዓት ኤክስፖነንሺያል ፈንክሽንን፣ የልኬት ስሕተትንና ለመረጃ ታማኝ መሆንን ተማረ። ለምህንድስና የሚያበቃው ዓመት እንዲህ ባሉ ከሰዓቶች ቢሞላ እንዴት ባማረ!

ምን ይደረግ?

ከዳሰሳው አራት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ የኤሌክትሪካል ምደባ ለሒሳብና ለፊዚክስ ውጤት ከፍ ያለ ክብደት ይስጥ። ሁለተኛ፣ ፍሬሽማንም ሪሚዲያልም በመለያ ፈተና ይጀመሩ፤ ፈተናው ለመጣል ሳይሆን መነሻውን ለማወቅ ይሁን። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ሁለተኛ ዓመት ሳይደርስ ቢያንስ ጥቂት ሙከራዎችን በራሱ እጅ ሠርቶ፣ በራሱ ቁጥር ሪፖርት ይጻፍ። አራተኛ፣ የሰርኪዩት መምህራን የፍሬሽማን ሒሳብና ፊዚክስ ሲቀረጽ አብረው ይቀመጡ፤ ተማሪው ምን ላይ እንደሚሰናከል ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

ለተማሪውም የሚባል አለ። ከ12ኛ ክፍል ፈተና እስከ ዩኒቨርሲቲ ጥሪ ድረስ ብዙ ጊዜ ወራት ያልፋሉ። እነዚያን ወራት አዲስ ነገር በማሳደድ ፋንታ የቆየውን በማጽናት መጠቀም ይቻላል፦ አልጀብራ፣ ትሪጎኖሜትሪ፣ ሎጋሪዝም፣ ኮምፕሌክስ ቁጥር፣ ቬክተር። ኢንተርኔት ለሚያገኝ ካን አካዳሚ በነጻ አለ፤ ለማያገኝ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የሒሳብ መጻሕፍት ራሳቸው በቂ ናቸው፤ መልመጃቸው መልሱን ሳያዩ እስከ መጨረሻው ከተሠራ። ፍሬሽማን ከገቡ በኋላም ወርክሺት ከማጥናት በፊት መጽሐፉን ማንበብ፣ ያልገባውን በመጀመሪያው ሳምንት መጠየቅ፣ ከሦስት አራት ጓደኛ ጋር እየተፋተሹ መሥራት ለውጤቱም ለሙያውም ይጠቅማል።

የአገሪቱ የመብራት ፍላጎት እየጨመረ ነው፤ ግድቡ ተመርቋል፣ መስመሮችም እየተዘረጉ ነው። በዚህ ጊዜ አንድን ዓመት ለመሠረታዊ ሒሳብና ፊዚክስ ሰጥቶ በደንብ ማስተማር የዘገየ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ፍሬሽማንን አንስተን፣ ዲግሪውን አሳጥረን፣ ሁለቱንም መልሰናል፤ ሙከራው ተደርጎ ውጤቱ ታይቷል። አሁን የሚቀረው የተመለሰውን ዓመት ስሙን ብቻ ሳይሆን ሥራውን እንዲይዝ ማድረግ ነው። ይህን ማድረግ ደግሞ በዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ በመምህራኑና በተማሪው እጅ ያለ ጉዳይ ነው።